የኤሊዋ ድስት

በዚህ ሰፈር ከኔ የበለጠ ለጋስ ከተገኘ ጸጉሬን ተላጭቼ በአደባባይ እዞራለሁ። መስጠት ማለት ምን እንደሆነ በአምስት ዓመቴ ነው ያወቅሁት፤ ያውም ከሥዕል መጽሐፍ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ባቋርጠውም፣ ያንን መጽሐፍ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እገልጠዋለሁ።

አንዲት ኤሊ አለች። አንድ ድስት ሾርባ ትሠራለች። ጥንቸል ርቧት ትመጣለች፤ ኤሊዋ ድስቱ ላይ ውሃ ትጨምራለች። ጃርት ይመጣል፤ አሁንም ውሃ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ተንጋለዋል፣ ድስቱ ግን እንደሞላ ነው። መጽሐፉን የገዛችልኝ እማዬ ናት። «እንደሷ ሁኚ» ትለኝ ነበር። ሆንኩላታ።

ባለፈው ወር ትንሿን እህቴን፣ ቁንጫ የምላትን፣ የሳንባ ምች ያዛት። ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ፋርማሲስቱ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ዱቄት በውሃ በጥብጦ ሰጠን።

«በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ማንኪያ። ቢሻላትም ሰባቱ ቀን ሳይሞላ እንዳታቋርጡ። ካገረሸባት አስቸጋሪ ነው» አለ።

እማዬ ክር ፋብሪካ ከጧት እስከ ማታ ማሽን ላይ ስለምትቆም ማንኪያው የኔ ሥራ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ቁንጫ አልጋ ላይ መዝለል ጀመረች። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ሳል ሰማሁ። ግድግዳችን ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጎረቤት ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። የሚያስለው የልብስ አጣቢዋ ልጅ ነበር። ሄድኩ። ሴትዮዋ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ሆኖ፣ ልጇን እግሯ ሥር አስተኝታ ታጥባለች።

«እትዬ፣ ሐኪም ቤት አልወሰዱትም?»

«ይሄን ሁሉ ልብስ ሳላስረክብ የት እሄዳለሁ? ነገ እወስደዋለሁ።»

ትናንትም ነገ ስትል በግድግዳው ሰምቻታለሁ።

ቤት ተመልሼ ባዶ ጠርሙስ አጠብኩ። ከቁንጫ መድኃኒት ግማሹን ቀዳሁበት፤ ከዚያ ሁለቱንም እስከ አንገታቸው በውሃ ሞላኋቸው። ፋርማሲስቱ ውሃ ሲጨምር በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ሲጨምር መድኃኒት ከሆነ፣ እኔ ስጨምር ምን ሊሆን ነው?

ቁንጫ አጠገቤ ቆማ ታያለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንደ ኤሊዋ።»

«ቢያንሰኝስ?»

«ሙሉ ነው እኮ፣ አይታይሽም? አንቺ ስስታም።»



ጠርሙሱን ስሰጣት ልብስ አጣቢዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አገላብጣ ሳመችኝ። ወደ ቤት ስመለስ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

በስድስተኛው ቀን ቁንጫ መዝለሉ ቀርቶ መቀመጥም አቃታት። በተነፈሰች ቁጥር የጎድን አጥንቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሆስፒታል አስተኟት፣ አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ አደረጉላት። ሐኪሟ እማዬን አፋጠጠቻት።

«መድኃኒቱን በትክክል ሰጥታችኋታል?»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ አንዲት ማንኪያ አላጓደልንም» አለች እማዬ።

እኔ የጫማዬን ክር እፈታለሁ፣ መልሼ አስራለሁ።

በማግስቱ ልብስ አጣቢዋ ልጇን ታቅፋ መጣች። ከቁንጫ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አስተኙት። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ስሙን ሲጠሩት ዓይኑን አይገልጥም። ሴትዮዋ እማዬን ስታይ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ይቺ ልጅሽ ትባረክ። የእህቷን መድኃኒት አካፍላኝ ነበር። ውሃ ጨምሬ አብዝቼዋለሁ አለችኝ። እኔም እሱን ተማምኜ ሳላመጣው ቆየሁ።»

እማዬ ወደኔ ዞረች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ምን አድርገሻል?»

«መጽሐፉን የገዛሽልኝ አንቺ አይደለሽ?» አልኳት። ድምፄ ቀጠነብኝ። «ስጪ ስትይኝ አልነበር? ሰጠሁ። የማን ልጅ ነው በዚህ ዕድሜው እንዲህ የሚሰጥ? እስቲ አንድ ጥሪልኝ።»

ቁንጫ ዓይኗን ገልጣ ትመለከተኝ ነበር። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆየች።

«የሰጠሽው የኔን ነው» አለችኝ።