ባኞ ውስጥ የቀረ ሐይቅ

የውሃ ኬሚስት ነኝ። ገበሬዎቹ ሐይቁን የሚመግበውን ወንዝ በፓምፕ ወደ ቲማቲማቸው ስበው ሐይቁን ጨው ሲያደርጉት፣ «ገደላችሁት!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ሰው ይቀድማል» አሉኝ። ሰድቤያቸው ተመለስኩ።

ከሞት የተረፉትን ጥቂት ቆሮሶ ዓሦች አስኮ ሰፈር ወዳለው ቤቴ አምጥቼ ባኞ ውስጥ አኖርኳቸው።

አሁን ግን የሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰነበተ። ባኞው ውስጥ ያለው እየተነነ፣ ጨዉ እየበረታ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ያጣጥራሉ። የቀረችንን አንዲት ጄሪካን ውሃ አንጠልጥዬ ወደ እነሱ ስሮጥ፣ ሚስቴ ሸዋረጋ ልጃችንን ታቅፋ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ልጅቷ ሲያስመልሳት አድሮ ከንፈሯ ደርቋል።

«አንተ ሰው፣ ለዓሣ ነው?»

ዓሦቹን ላለማየት በሩን ዘጋሁት።

«ለልጅቷ ቅጂላት» አልኳት። «ሰው ይቀድማል።»