የያረጋል መብራት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጸሐይወርቅ ሰባት ወር ሙሉ አልረሳችም፤ መርሳትም አልፈለገችም።

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ በሀጃ ዘሊካ የኮምጣጤ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ፋብሪካ ከተባለ ነው፤ አንድ ግቢና ሁለት በርሜል። ሥራዋ በጀሪካን የሚመጣውን ንጹሕ አሲድ በውኃ እየበረዘች ኮምጣጤ ማድረግ ነው። አለቃዋ ጋሽ ያረጋል እዚያው ካርቱም ሃያ ዓመት የኖረ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ያገሯ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ይኸው ሰው ከተሰበረ ሬዲዮ ትንሽ ቀይ መብራት ነቅሎ፣ ከባትሪና ከሁለት ሽቦ ጋር አገናኝቶ መመርመሪያ ሠራ። ሽቦዎቹን ኮምጣጤ ውስጥ ሲነክራቸው መብራቷ ቦግ አለች። ከጸሐይወርቅ ጀሪካን በሳህን በተቀዳው አሲድ ውስጥ ሲነክራቸው ግን ጭል እንኳ አላለች።

«ቀጭኑ ካበራ ወፍራሙ እንዴት አያበራም? አሲዱን ሸጣ ሌላ ነገር ሞልታበታለች። ሐራሚያ! ሌባ!»

ጸሐይወርቅ ጎንደር ሦስት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት ናት። አሲዱ ብቻውን ሲሆን ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት አዮኖች እንደማይወጡት፣ ወደ አዮን የሚፈታው ውኃው እንደሆነ ታውቃለች። «ጋሽ ያረጋል፣ ስለ ማርያም ብለው፣ ሳህኑ ላይ አንድ ጣሳ ውኃ ያፍስሱበትና ይዩት!»

«ውኃ ጨምረሽ ስርቆትሽን ልትደብቂ?» አላት።

ተባረረች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ። መባረሩን ችላዋለች፤ ያ የቦርሳ ነገር ግን አንጀቷን አቃጠለው። ዐማራት ሰፈር ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ቀኗን ጠበቀች።

ያረጋል ራሱ ገዝቶ ራሱ የቆለፈበት አዲስ አሲድ መግባቱን የሰማች ዕለት በራክሻ፣ በዚያ አገር ባጃጅ፣ ሐጅ ዩሱፍ ወረደች። «ሀጃ፣ የእኔ በተመረመረበት መብራት የእሱም ይመርመር። ሌላ አልጠይቅዎትም።»

ያረጋል ሠራተኛው ሁሉ ፊት ደረቱን ነፋ። «ያላ! መብራቴ አትዋሽም!»

በሳህን ቀድቶ ሽቦዎቹን ነከረ። አልበራችም። ሽቦውን ጠረገ፣ ባትሪውን ቀየረ። አልበራችም። ላቡ ሲንቆረቆር ጸሐይወርቅ ቆማ አየችው፤ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

«ቁልፉ ማን እጅ ነው የሚያድረው?» አለች ሀጃ ዘሊካ።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። «ውኃ! ወላሂ ሀጃ፣ ውኃ ሲገባበት ይበራል። ጸሐይ የተማረች ናት፣ እሷን ጠይቂያት!»

«አንተ እጅህን እንዳታስጠጋ!» አለችና ሀጃ ወደ ጸሐይወርቅ ዞረች። «እውነቱን ነው? አሳይኝ።»

ጸሐይወርቅ ከመጠጥ ውኃው ጋን አንድ ጣሳ ቀዳች። ሳህኑ ላይ ብታፈሰው መብራቷ ትበራለች፤ ስሟም ይነጻል። የእሱም አብሮ ይነጻል። አንዱን ለይቶ ማፍሰስ አይቻልም።

«እህቴ፣ ስለ ማርያም ብለሽ...» አላት ያረጋል።

ቦርሳዎቹ ትዝ አሏት። ጣሳውን ወደ አፏ አነሳችና እስከ ጭላጩ ጠጣችው።

«እኔ ሌባ ነኝ፣ ሀጃ። የሌባ ምስክርነት ምን ያደርግልዎታል?» አለችና ባዶውን ጣሳ ያረጋል እጅ ላይ አስቀምጣ ወጣች።