የሚወልቀው መጎተቻ

ገብረሥላሴ የሰው መኪና ይዞ እጁ እንዲህ የዘገየበት ጊዜ አልነበረም። አሰላ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብላ በቆመችው የቆርቆሮ ጋራዡ፣ ጠዋት የገባለትን የተሰበረ ባሌስትራ ከምሳ በፊት ጠግኖ ያስረክባል እየተባለ የሚወራለት ሰው ነው። የብስክሌት ቡድኑን የሚያሠለጥነው የመምህር ፈቃደ አሮጌ ቮልስዋገን ግን እዚያች ጋራዥ ገብታ ከቆመች ዘጠነኛ ቀኗን ይዛለች።

ሥራው ከብዶት አይደለም። መምህሩ የጠየቀው፣ ከመኪናዋ ኋላ ተገጥሞ ሦስት ብስክሌት የሚሸከም መጎተቻ ብረት ነበር፤ ሲፈለግ የሚገጠም፣ ሲበቃ የሚወልቅ። ከፓራውልቱ አልፎ የወጣ ብረት በዓመታዊው የመኪና ምርመራ አያሳልፍም። ደግሞም የቮልስዋገን ሞተር ያለው ከኋላ ነውና፣ መጎተቻው ላይ የቆመው የብስክሌት መስቀያ ካልተነሣ በቀር የሞተሩ ክዳን አይከፈትም። ገብረሥላሴ እንዲህ ያለውን ብረት ድሮ በስዊድኖቹ የእርሻ ፕሮጀክት ወርክሾፕ ተቀጥሮ ሳለ ደጋግሞ አይቶታል። ባለአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ከመኪናው ሆድ ሥር ይበየዳል፤ ሌላ ቀጠን ያለ ቱቦ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱን አንድ ወፍራም ፒን አቋርጦ ይይዛቸዋል። የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ያዘገየው ሌላ ነገር ነበር። ከሦስቱ ብስክሌቶች አንዷ የልጁ የእታገኘሁ ናት።

እታገኘሁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ብስክሌቱንም አልተወችም። ዓምና ለውድድር ወደ ናዝሬት ሲወርዱ ብስክሌቶቹ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከገብስ ጆንያ ሥር ተጭነው ነበርና፣ የእሷ የፊት ቸርኬ ተጣሞ ወረደ፤ ሌሎቹ ሲወዳደሩ ቆማ አየች። ዘንድሮ፣ በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ግንቦት፣ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ፤ ናዝሬት ላይ የሚያሸንፍ አሰላ አይመለስም፣ አዲስ አበባ ገብቶ ሁለት ዓመት ይሠለጥናል ተባለ። ከእሷ ጋር የተመረጡት ሁለቱ ወንዶች በአውቶቡስ ሊሄዱ ነው፤ እሷ ከመምህሩ ጋር ብስክሌቶቹን ይዛ ትወርዳለች። ልጂቱ እንደምታሸንፍ አባቷ ያውቃል። ከኢተያ ወደ አሰላ ያለውን አቀበት ወንዶቹ ምላሳቸውን አውጥተው ሲወጡት፣ እሷ አፏን ገጥማ ስትወጣው አይቷል።

ገብረሥላሴ ሰው ሲሄድ መርዳት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከአራት ዓመት በፊት የበኩር ልጁ አሰግድ ወደ ምሥራቅ ግንባር በዘመተበት ቀን፣ ዘማቾቹን የጫነው ካሚዮን አልነሣ አለ። «ገብረሥላሴን ጥሩ!» ተባለ። መጥቶ የናፍጣውን መስመር ፈታ፤ አየሩን አስወጣ፤ ሞተሩን አስነሣው። ልጁ ከላይ ሆኖ፣ «አባባ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኮ እዚሁ መቅረታችን ነበር!» ብሎ ሳቀ። የተሰበሰበውም ሰው አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የአሰግድ ስም ከሞቱት ጋር አልተነበበም፤ እሱም ከተመለሱት ጋር አልመጣም።

እናም ገብረሥላሴ በሦስተኛው ቀን የበየደውን በአራተኛው ቀን አልወደደውም። በስድስተኛው ቀን ቱቦው አጠረ ብሎ ቆርጦ ጣለው። በሰባተኛው ቀን መስቀያውን በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ሲጠቀልል ዋለ፤ የብስክሌቶቹ ቀለም እንዳይላጥ ነው አለ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት አስያ ይህን ሁሉ ከመስኮቷ ታያለች።

«ጋሽ ገብረሥላሴ!» አለች በዘጠነኛው ቀን። «ይቺን ቮልስ ሊያገቧት ነው እንዴ? ሽማግሌ እንላክልዎ?»

«አንቺ ላምባሽን ሽጪ።»

«ላምባውማ ካለቀ ሳምንቱ! ሥራ ፈትቼ እርስዎን አያለሁ እንጂ።»

«ብየዳ ጊዜ ይፈልጋል፣ አስያ።»

«ያ ረቢ! ጊዜ የሚፈልገው ብየዳው ነው ወይስ በያጁ?»

ወደ ብየዳው ተመለሰ። ነገር ግን በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ሲሸሸው የነበረው ሐሳብ ቁርጥ ሆኖ መጣለት። የፒኑን ጫፍ በሳው። በቀዳዳውም ከስዊድኖቹ ወርክሾፕ የቀረውን፣ የልጅ ጡጫ የሚያህለውን ጓጉንቸር አስገብቶ ቆለፈው።

መምህር ፈቃደ መኪናውን ሊወስድ ሲመጣ ዞሮ ዞሮ አየ፤ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀ፤ መኪናዋ ተነቃነቀች እንጂ ብረቱ አልተነቃነቀም።

«እጅዎን ይባርከው፣ ጋሽ ገብረሥላሴ! ቁልፉስ?»

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቆያል። አገሩ ሌባ ነው። ብስክሌቶቹን ለማውረድ ቁልፍ አያስፈልግህም፤ በጠፍር የታሰሩ ናቸው። ብረቱ ግን የጋራዡ ነው። ውድድሩ ሲያበቃ እታገኘሁ ራሷ ትመልሰው፤ ያን ጊዜ እፈታዋለሁ።»

«ሞተሩን መክፈት ቢያስፈልገንስ?»

«ሞተሩን እኔ አይቼዋለሁ» አለ ገብረሥላሴ። በአሰላ ይህን ቃል የሚከራከር ሰው የለም፤ መምህሩም አልተከራከረም። ገብረሥላሴም ቁልፉን ደረት ኪሱ ውስጥ አኑሮ ኪሱን ቆለፈበት። ብረት እንዲመለስ ማዘዝ ልጅ እንዲመለስ ማዘዝ እንዳልሆነ አልጠፋውም። ሆኖም ኪሱን በነካካ ቁጥር አንድ ነገር የያዘ ይመስለዋል።

ቅዳሜ መምህሩና እታገኘሁ አንድ ብስክሌት ሰቅለው መጎተቻውን ለመሞከር ወደ ሁሩታ ወረዱ። የወሩ የቤንዚን ራሽን ከዚህ የራቀ መንገድ አይፈቅድም። በስድስት ሰዓት ይመለሳሉ ተብሎ ነበር፤ ሰባት ሆነ። ሰባት ተኩል ሲሆን ዝናብ ጣለ። ገብረሥላሴ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ባዶ በርሜል ገልብጦ ተቀመጠ፤ ወደ ታችኛው መንገድ እያየ ዓይኑ ደከመ። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከዝናቡ ውስጥ አንድ ብስክሌት ወጣ።

እታገኘሁ ናት። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል፤ ሹራቧ ከሰውነቷ ተጣብቋል። ብስክሌቷን ከግድግዳው አስደግፋ፣ እስኪመለስላት ድረስ ትንፋሿን ጠበቀች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ሁሩታ ልንደርስ ስንል ቺንጋው ተበጠሰ። ቀዩ መብራት ሲበራ መምህር ወዲያው አጠፋው፤ ሞተሩ አልተጎዳም። መለዋወጫ ቺንጋ አለው። ግን ክዳኑን መክፈት አልቻልንም።» እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ይስጡኝ፣ አባባ።»

ገብረሥላሴ ያን ሁሉ አቀበት በዓይኑ ቆጠረው። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ገሚሱ ጠጠር፣ ሁሉም ዝናብ።

«ጓጉንቸሩን በድንጋይ አትሰብሩትም ነበር?»

«የሁሩታ ሰው ሁሉ ድንጋይ ይዞ መጥቶ ነበር» አለች ፈገግ ብላ። «አንዱማ ምሳር አምጥቶ ነበር። እኔ ከለከልሁ። አባባ ያለ ምክንያት አልቆለፉትም አልኋቸው።»

«መምህሩ ምክንያቱን አልጠየቀሽም?»

«ጠየቀኝ። ሌባ ፈርተው ነው አልሁት።» ከዚያ ዓይኑን አየችው። ከፀጉሯ የሚወርደው ውሃ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። «ሌላ ምክንያት አለው እንዴ፣ አባባ?»

  ቁልፉን ብቻ አውጥቶ ሰጣት።

«ቆይ፣ ካሚዮን ልፈልግልሽ።»

«አሁንማ ቁልቁለት ነው» አለችና ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ጀርባዋ ከዝናቡ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ አያት። ድንጋይ የያዘውን ሰው ሁሉ «አባቴ ምክንያት አላቸው» ብላ የመለሰች ልጅ፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ብታውቅ ኖሮ ምን ትል ነበር? ምናልባት አውቃው ይሆናል። እሱን ከነጉዱ ከሰው ፊት ሸፍናው ይሆናል። ይህ ሐሳብ እንደ ብየዳ ብልጭታ ዓይኑን ወጋው፤ መነጽር ሳያደርጉ የሚያዩት ብልጭታ ሲርቅም አይጠፋም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቮልስዋገኗ እያጓራች መጣች። እታገኘሁ ወርዳ አባቷ ዘንድ ቀረበች፤ መዳፉንም ገልጣ ቁልፉን አኖረችበት።

«ቁልፍዎ» አለች።

ቁልፉን እንኳ ለራሷ አልያዘችም። መኪና ስትበላሽ ሃያ ኪሎ ሜትር ያስወጣትን ነገር፣ የእሱ ስለሆነ ብቻ መልሳ ሰጠችው።  ገብረሥላሴ መዳፉን እንደ ዘረጋ ቆሞ፣ ራሱን ነገ በዚሁ ደጃፍ፣ ከነገ ወዲያም በዚሁ ደጃፍ፣ ቁልፍ ይዞ ተቀምጦ፣ እሷን ደግሞ የሆነ መንገድ ዳር የተቆለፈ መኪና አጠገብ ቆማ አየ። ልጅ አልያዘም። የያዘው መንገዷን ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋራዡን ከፈተ።

«ጋሽ ገብረሥላሴ!» አለች አስያ ከማዶ። «ዛሬ እኮ እሑድ ነው!»

«የረሳሁት ሥራ አለ።»

«እርስዎ እንኳ የሚረሱ ሰው አይደሉም።»

«እንግዲያው ያበላሸሁት ሥራ አለ» አላት።

 አስያ መስኮቷን ትታ በሩ ላይ ወጥታ ቆመች።

ጓጉንቸሩን ፈትቶ ፒኑን አወጣና ወረወረው። ከተጣለ የትራክተር ዘንግ ሌላ ፒን ቆረጠ፤ አንዱን ጫፍ በእሳት አግሎ እንደ ቀለበት አጠፈው፣ በጓንት እንኳ ቢሆን አንድ ጣት እንዲገባበት። በሌላው ጫፍ እንደ ሞላ ከሚለጠጥ ሽቦ የተሠራ መያዣ አደረገ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚከፈት፣ ሲለቁት የሚገጥም። ሹል የነበረውን ሁሉ ሞረደ። ሲጨርስ ልጁን ጠራት።

«ቁጭ በይ። መንገድ ላይ መኪናዋ ብትቆምባችሁ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ብስክሌቶቹን አወርዳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ፒኑን እስባለሁ።»

«ሳቢ እስቲ።»

ሳበች፤ አልወጣም። እንደገና ሳበች። የውስጠኛው ቱቦ ክብደት ፒኑን ተጭኖታል።

«ይርዱኝ እንጂ፣ አባባ!»

እጆቹ ሊነሡ ሲሉ ጭኖቹ ሥር አስገባቸው። «አልረዳሽም። እዚያ አልኖርም።»

 ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ ብረቱን በትከሻዋ ከፍ አደረገችው፤ ፒኑ ላይ የነበረው ክብደት ሲነሣ፣ ፒኑ እንደ ቅቤ ወጣ። መጎተቻው እጇ ላይ ቀረ።

«በትከሻ እንደሚነሣ አልነገሩኝም።»

«እኔም አላውቀውም ነበር» አለ በእውነት። «ስዊድኖቹ በእንጨት ነበር የሚያነሡት። በይ እንደገና። አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ።»

አራት ጊዜ ገጠመች፤ አራት ጊዜ አወለቀች። በአራተኛው አስያ ከማዶ አጨበጨበች።

«ጋሽ ገብረሥላሴ፣ ጋራዡን ለእሷ ይስጧትና እርስዎ ብስክሌት ይንዱ!»

«ነድቼስ የት እደርሳለሁ?» አላት፤ ራሱም ሳቀ። ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የጭላሎ ተራራ ጭጋጉን ገና አላወለቀም ነበር። ሦስቱ ብስክሌቶች ተሰቅለዋል፤ መምህሩ መስታወቱን በጨርቅ ይጠርጋል። ገብረሥላሴ ፒኑን አልነካም፤ መያዣውንም አልፈተሸም። ያን ያደረገችው እታገኘሁ ናት። ጨርሳ ስትነሣ እጇን በጉርድ ቀሚሷ ጠራረገችና ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ቀደም ብሎ ትከሻዋን ያዛት። መቼ ትመለሻለሽ ሊላት ነበር፤ ሌሊቱን ሁሉ ሲያመላልሰው ያደረው ቃል ይኸው ነው። በአፉ ሲያላምጠው ቆይቶ ዋጠው።

«ሞተሩ ሲግል ድምፁ ይለወጣል፤ ከመብራቱ ቀድመሽ በጆሮሽ ትሰሚዋለሽ» አላት።

«እሺ፣ አባባ።»

መኪናው ውስጥ ገባች። መምህሩ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ዓይኗ ግን እንደ ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

«አባባ፣ ብረቱ የጋራዡ ነው ብለው ነበር። አሸንፌ አዲስ አበባ ብቀር፣ ሳወልቀው የት ላስቀምጠው?»

ገብረሥላሴ የመስኮቱን ጠርዝ ይዞ ነበር። ለቀቀው።

«ያለሽበት አስቀምጪው» አላት።