መላጣው አፉን በከፈተ ቁጥር

"እኔ ሚዛን ነኝ! እንኳን ለዕጩ ለእናቴም አላደላ!" አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ማድረቂያዋን እንደ ሽጉጥ ደግና። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለቱ ዕጩዎች ለክርክሩ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ ነው።

"ሚዛኗን እናያታለና" አለች የባሏ እህት፣ ፎጣ እያጠፈች።

ፀጉር ቤቱ የጋራቸው ነው፤ ምርጫቸው ግን ለየቅል። ፀጉር ሠሪዋ ጎፈሬውን ዕጩ ትደግፋለች፣ የባሏ እህት መላጣውን። ባለፈው ክርክር ተወራረዱ። የፈረደችው የባሏ እህት የልብ ጓደኛ ስለነበረች መላጣው አሸነፈ ተባለና ፖስተሩ ከፀጉር ሠሪዋ መስታወት በላይ ተለጠፈ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! ይኸው ወር ሙሉ አናቷ ላይ ጥርሱን እንዳገጠጠ አለ። ደንበኛ ሁሉ ቀና እያለ፣ "እዚህ ቤት የተሠራ ፀጉር መጨረሻው እንዲህ ነው እንዴ?" ይላታል። የባሏ እህት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፖስተሩን በፎጣ ትወለውላለች፤ እያፏጨች። ፀጉር ሠሪዋን እርር ድብን ያደረጋት መላጣው ሳይሆን ፉጨቱ ነው።

ዛሬ ግን ብድር በምድር! ጎፈሬው ካሸነፈ መላጣው ይወርዳል፣ ጎፈሬው ደግሞ የባሏ እህት መስታወት ላይ ይወጣል። ፀጉር ሠሪዋም ማፏጨት ተለማምዳለች።

ዳኛዋ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። "ሁለቱንም እኩል ነው የማልወዳቸው" ስላሉ ሁለቱም አመኗቸው።

ጎፈሬው ሲናገር ቤቱ እረጭ አለ። መላጣው አፉን ሲከፍት ግን ማድረቂያው ቭቭቭቭ!

"ኧረ አጥፊው! እንስማበት!" ጮኸች የባሏ እህት።

"እና እትዬን እርጥብ ራሳቸውን ብርድ ይምታልሽ?"

መላጣው ሲጨርስ ማድረቂያውም ጸጥ። ጎፈሬው መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት ብሎ ቃል ገባ፤ ገብቶም ቀጠለ። መላጣው ሊመልስ ሲል እንደገና ቭቭቭቭ!

"ልጄ፣ ደርቋል እኮ" አሉ መምህርቷ፣ ጆሯቸው እየጋለ።

"ሥሩ ይቀረዋል፣ እትዬ።"

የባሏ እህት ፎጣውን እንደ ሰው አንገት ስትጠመዝዘው ስታይ የፀጉር ሠሪዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። መላጣው እጁን ያወናጭፋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን ከፀጉር ጋር አብሮ ይደርቃል።

ክርክሩ እንዳለቀ ፀጉር ሠሪዋ ፍርዱን እንኳ አልጠበቀችም። በርጩማ ላይ ወጥታ የፖስተሩን አንድ ጥግ ላጥ አደረገችው።

"በሉ እትዬ፣ ይፍረዱ! መላጣው አንዲት ቁም ነገር ተናግሯል?"

"እኔ እንጃ፣ አልሰማሁትም።"

"ሰማሽ አይደል?" ብላ ወደ ባሏ እህት ዞረችና ማፏጨት ጀመረች።

መምህርቷ ፎጣውን ከትከሻቸው አንስተው በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት።

"ያሸነፈው ግን እሱ ነው።"

ፉጨቱ መሀል ላይ ተቆረጠ። "እንዴ! ሳይሰሙት?"

"የአንቺን ሰውዬ ሰምቼዋለኋ፤ አንዲትም ቃል ሳታመልጠኝ። በይ መልሰሽ ለጥፊው።"