ሦስት አዳር በሲዬና

ሲዬና በምትባል የጣልያን ከተማ መሐል በቀይ ጡብ የተነጠፈ አንድ አሮጌ አደባባይ አለ። እንደ ዛጎል ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ንጣፉ በነጭ ድንጋይ መስመር ዘጠኝ ቦታ ተከፍሏል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ቁልቁል ይወርድና ግርጌው ላይ ባለ አንድ ቀዳዳ ይገባል። ይህ ከተሠራ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል።

እኔ ለሚ ኩራ ለሚገነቡ ሕንፃዎች የፍሳሽ መስመር ስነድፍ ስምንት ዓመቴ ነው። ጎሮ ያለው ሰፈራችን ግን ሐምሌ በገባ ቁጥር ውሃው ደጃፋችን ላይ ይተኛል። የዚያን አደባባይ ንድፍ ጠረጴዛዬ ፊት ለጥፌ ኖሬአለሁ። አሁን በዓይኔ ላየው ፈለግኩ። ከላይኛው ጫፍ አንድ ጠርሙስ ውሃ አፍስሼ የት እንደሚሄድ ቆሜ ማየት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ጉዞው አሥራ አንድ አዳር ነበር። ሮም ሦስት፣ ኦርቪየቶ አንድ፣ ሲዬና ሦስት፣ ፍሎረንስ ሁለት። የቀሩት ሁለቱ ፒየንሳ በምትባል የገጠር ከተማ ነበሩ፤ ከዚያ ወጥቼ በስንዴ ማሳ መሐል የሚሄድ የአፈር መንገድ በእግሬ ልሄድ። ገንዘቡን ሁሉ እኔ ከፈልኩ። ሆቴሎቹን ያስያዝኩት ግን በታላቅ ወንድሜ በግርማይ የባንክ ካርድና ኢሜይል ነበር፤ ዕቃ አስመጪ ስለሆነ ካርዱ ውጭ አገር ይሠራል።

በረራዬ ዓርብ ነበር። ረቡዕ ከሥራ ስገባ የሳሎኑ ወለል በፌስታል ተሸፍኗል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ነጠላ። እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር ስም ተለጥፎበታል። ግርማይ የእጅ ሚዛን ይዞ ተንበርክኳል።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የሰው ነዋ። ይሄ ሚጥሚጣ እትዬ መብራት ለልጇ የላከችው ነው፣ ሚላን።»

«ሚላን አልሄድም።»

«ትሄጃለሽ እንጂ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ሰኞ እዚያ የሰፈራችንን ልጅ የወልደጻድቅን ልቅሶ ትደርሻለሽ፤ እናቱ ዐርፋ መጥቶ አልቀበረ፣ ብቻውን እዚያ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት ቅዳሜ የፊዮሪ ልጅ ክርስትና አለ፣ ቦሎኛ።»

«ቅዳሜም ሰኞም ሮም ነኝ። ሆቴል ይዣለሁ።»

«ሰረዝኩት።»

«ምኑን?»

«ሆቴሎቹን። ሁሉንም።» አሁን ቀና አለ። ፊቱ ላይ ውለታ የዋለ ሰው ፈገግታ ነበር። «የአጎታችን ልጅ እዚያ እያለች ሆቴል የምታድሪው ዘመድ የለሽም? ሰው ምን ይላል? ፊዮሪ ጋ ታርፊያለሽ። ነግሬያታለሁ።»

ቦርሳዬን አላስቀመጥኩም። ክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉን ሰው ይጣሉታል፤ ግርማይ ግን በሙሉ ልቡ ነበር የሚያጠፋኝ። ቪዛውን ያገኘሁት እነዚያን የሆቴል ወረቀቶች አቅርቤ እንደሆነ እንኳ አላሰበም።

«ሲዬና ከቦሎኛ ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ባቡር አላቸው አይደል እንዴ። ደርሰሽ ትመለሻለሽ።»

«ደርሼ መመለስ አይደለም የፈለግኩት። መቆም ነው።»

«ለመቆምማ ቦሌ መድኃኔዓለምም አደባባይ አለ።» ሳቀ። «ውሃ ለማፍሰስ ጣልያን ድረስ? እሱን እኛ ደጅም ሞልቶልሻል።»

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለፊዮሪ ደወልኩ። እሷንም ልቆጣት ነበር፤ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ማዕዚ፣ እንዳትቀየሚኝ። ቤቴ እኮ ሁለት ክፍል ነው። አማቴ መጥታለች፣ ሕፃኑ አለ። ግርማይ ‹ሆቴል ልታድር ነው፣ ልትሰደቡ ነው› ብሎ ሲጮህብኝ ምን ልበል? ትምጣ አልኩት።»

ስለዚህ እኔ አልፈለግኩም፣ እሷም አልፈለገችም። ሁለታችንም አንድ ሰው ሳሎን ተቀምጦ ያዘዘንን ልንፈጽም ነበር። ንዴቴ አልበረደም፤ ቦታውን ግን አገኘ።

«ሲዬናን አይተሻት ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«የት አባቴ አይቼ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከኤርፖርት ሳመላልስ።» እስክሪብቶ ስትፈልግ ተሰማኝ። «ያንቺ ሆቴል ስሙ ማን ነበር? እኔ በካርዴ ልያዘው።»

ሮም፣ ኦርቪየቶና ሲዬና ተገኙ። ፍሎረንስም በሌላ ሆቴል ተገኘ። ፒየንሳ ሞልቷል። የአፈር መንገዱ ቀረ። በሱ ፈንታ ሁለቱን ቀን መጨረሻ ላይ እሷ ጋ ሶፋ ላይ አድራለሁ፤ ያንን ሁለታችን ነን የተስማማነው። ክርስትናው ላይ እንደማልደርስ ነገርኳት። «ከጠመቁት በኋላም ሕፃን ነው፣ ታዪዋለሽ» አለች።

ለግርማይ ምንም አልነገርኩትም።

ዓርብ ኤርፖርት ግርማይ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተተ ከኋላዬ መጣ። አርባ ስድስት ኪሎ፣ አስተካክሎ መዝኖታል። እኔ በትከሻዬ አንድ ቦርሳ ይዣለሁ። ሸኚ የማያልፍበት በር ጋ ስንደርስ የሻንጣዎቹን እጀታ ወደ እኔ አዞረ።

«አልወስዳቸውም» አልኩት።

«ምን?»

«አልወስዳቸውም። ሆቴሎቼንም መልሼ ይዣለሁ። ሲዬና ሦስት ቀን እቆማለሁ።»

ግራና ቀኙን አየ። አንዲት ሴትዮ ከነልጆቿ ከኋላችን ቆማለች። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ ማዕዛ። ውሰጂና እዚያ እንደፈለግሽ አድርጊ።»

«አይሆንም።»

«እትዬ መብራትን ምን ልበላት? ወልደጻድቅንስ? የሰው አደራ እኮ ነው።»

«አደራውን የተቀበልከው አንተ ነህ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እሺ ምን ልበላቸው?»

«ሰረዘችው በላቸው» አልኩት።

ፓስፖርቴን ለጥበቃው አሳይቼ ገባሁ። በመስታወቱ ሳየው እዚያው ቆሟል፤ በግራ እጁ አንዱን፣ በቀኝ እጁ ሌላውን ሻንጣ ይዞ፣ ሰዎች በጎኑ እየዞሩት ያልፋሉ። አንጀቴን እንዲበላኝ ጠበቅኩ። አልበላኝም።

ቦርሳዬን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። ሰባት ኪሎ።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለች ሠራተኛዋ።

«ይሄ ብቻ ነው።»

«ለሰው ምንም አልያዝሽም?» ገርሟት ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንም» አልኳት። ጥርሴን ነክሼ ስለነበር ቃሉ በግድ ነው የወጣው።