የተደረበው ባሌስትራ

"ደግሞ ሌላ ብረት ልትጨምርባት ነው?"

እናኑ ይህን ስትጠይቅ ባሏ ጋረደው ከትንሿ ኮሮላ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከእሱ የሚታየው ከጉልበቱ በታች ያለው ብቻ ነው። የመፍቻው ድምፅ ለአፍታ ቆመና "የመጨረሻዋ ናት" የሚል መልስ ከመኪናዋ ሆድ ሥር መጣ።

"ባለፈውም የመጨረሻዋ ናት ብለኸኝ ነበር።"

"ያ የግራው ነው። ይኼ ደግሞ የቀኙ። አንዱን ደርቤ ሌላውን ብተወው አጋድላ ልትሄድ ነው?"

እናኑ በአንድ እጇ ወገቧን፣ በሌላው ትልቁን ሆዷን ደግፋ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ካለው የገመድ አልጋ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የገዳሪፍ ሰኔ ገብቷል። ከቀትር በኋላ ደመናው በምሥራቅ በኩል፣ በአገራቸው አቅጣጫ፣ እየተከመረ ይመጣል፤ ዝናቡ ግን ገና አልጀመረም። ሲጀምር ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ቤታቸው እስከ አስፋልቱ ያለው ጥቁር አፈር ሰውንም መኪናንም እግር እየያዘ አላሳልፍ ይላል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ወድ መደኒ እንደሚሄዱ ተቆርጧል። በምን እንደሚሄዱ ግን ባልና ሚስቱ ገና አልተስማሙም።

ነገሩን ያጣደፈችው ሱዳናዊቷ የሰፈር አዋላጅ ሂያም ናት። የእናኑን ሆድ ስትዳብስ ቆይታ ወደ ጋረደው ዞረችና በዓረብኛዋ "ያ ኡስታ፣ አንተ መካኒክ፣ ልጁ ተጋድሟል። እዚህ አትወልድም። መደኒ ቀዶ የሚያወጣ ሐኪም አለ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ውሰዳት" አለችው። በሩ ላይ ስትደርስ ደግሞ ቆም ብላ "በመንገድ ላይ እንዳትንጣት። ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ መኪናህን አውቃታለሁ" ብላ ሄደች።

መኪናዋን የማያውቅ የለም። ጋረደው የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ተጋጭታ የወደቀችውን "ከቻልህ አስነሣት" ብሎ ሰጠው፤ እሱም አስነሣት። ይኸው እስከ ዛሬ በጋራዡ ባለቤት ስም እየነዳ ታክሲ ይሠራባታል። መታጠፊያ ላይ ግን እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ጉድጓድ ከነካች ደጋግማ ሳትነጥር አትረጋም። ከሂያም ቃል በኋላ ጋረደው ሌላ ሥራውን ሁሉ ጥሎ መኪናዋን ያዘ። የሎንቺና ሹፌር የሆነው ጓደኛው አየነው ከፖርት ሱዳን አዲስ አሞርዛተር፣ ያንን ንጥሪያዋን የሚያበርደውን ዘንግ፣ አመጣለትና ለአራቱም እግሯ ገጠመላት። ያለቁትን የመገጣጠሚያ ጎማዎች አውጥቶ አዲስ አስገባ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። እሱ ግን የኋላዋን ክብደት የሚሸከመውን ባሌስትራ፣ እነዚያን እንደ ቀስት የጎበጡ ተደራራቢ ብረቶች፣ አያቸውና አላመናቸውም። ከተጣለ የጭነት መኪና ላይ ብረት ቆርጦ ደረበባቸው። ከዚያም ሌላ ደረበ። ሰው ሚስቱን ሲወድ ሽቶ ይገዛል፣ ቶብ ገዝቶ ያለብሳል፤ ጋረደው ብረት ይጨምራል።

አይፈረድበትም። ጎንደር ሳለ እንጀራው የመተማን መንገድ የሚመላለሱ ሎንቺናዎች ነበሩ፤ የሎንቺና መካኒክ ደግሞ ሃይማኖቱ አንድ ነው፦ የሳሳውን ደርብ። ቀይ ሽብር መጥቶ የቀበሌው ሰዎች ስሙን መጠያየቅ ሲጀምሩ አዲስ ሙሽራውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር በበረሓ ወጣ። ገላባት ላይ ሰሊጥ የጫነ ሎንቺና አሳፈራቸው። ዶካ ሳይደርሱ ባሌስትራው ተሰበረና ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሙ። የእናኑ የመጀመሪያ ፅንስ የወረደው እዚያ፣ ከሎንቺናው ጎን፣ ባሏ ነጠላ ዘርግቶ ከልሎላት ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ያለ ልጅ አለፉ። ጋረደው ስለ ልጅ በተነሣ ቁጥር ዓይኑ ላይ የሚመጣው ያ የተሰበረ ብረት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ እሱም ቀጭን ብረት ባየ ቁጥር ይበረግጋል።

ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ጨርሻለሁ" አለ። "በይ ተነሺ፤ እስከ እህል ጎተራው ደርሰን እንመለስ። አየነውም ይኸው መጥቷል።"

"እኔ በባቡር እሄዳለሁ ብየሃለሁ።"

"ባቡሩ ሜዳ ላይ ተበላሽቶ ቢያድርስ? ማን ይደርስልሻል?"

"ይደር። ቀርፋፋ ነው እንጂ አይዘልም።"

"ይቺም ከእንግዲህ አትዘልም። መሪዋን ብታዪው! እንደ ደኅና በቅሎ ነው የምትታዘዝ።"

አየነው ከበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። "እህትዓለም፣ እስቲ አንድ ጊዜ ሞክሪያት። ካልወደድሻት ነገ እስከ ባቡሩ ድረስ ዕቃሽን የምሸከም እኔ ነኝ።"

"ትሸከማለህ?"

"በጊዮርጊስ!"

እናኑ እጇን ሰጠችውና ደግፎ አስነሣት። የኋላው ወንበር ላይ ትራስ አነጠፉላት። ጋረደው መሪውን ያዘ፣ አየነው ከጎኑ ተቀመጠ፣ ወጡ።

አስፋልቱ ላይ እንደደረሱ ጋረደው ፍጥነት ጨመረ። ከገበያው ወደ ጎተራው የሚወስደው ሰፊ መታጠፊያ ዱሮ መኪናዋን በአንድ ጎኗ የሚያስተኛት ነበር። አሁን ቀጥ ብላ፣ ሳትንገዳገድ፣ መሪውን ባዞረበት ልክ ዞረች። ጋረደው የአየነውን ጭን መታ።

"አየኸው?"

"አየሁ! አሞርዛተሩ ሠርቷል።"

"ባሌስትራውም ነው እንጂ!"

ከኋላ ምንም ድምፅ አልመጣም። ጋረደው ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠረው። የባቡር ሐዲዱን ሲያቋርጡ የመኪናዋ ፊት ቀለል ብሎ አለፈ፤ የኋላዋ ግን ተነሥቶ ጓ አለ።

"አቁም!" አለች እናኑ።

ዳር ይዞ ቆመና ዞሮ አያት። በሁለት እጇ የፊቱን ወንበር ጨምድዳ ይዛለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"አመመሽ?"

"ውረድና እዚህ እኔ ካለሁበት ተቀመጥ። አየነው ይንዳ።"

"እኔ ከኋላ?"

"አንተ። ከኋላ ተቀምጠህባት ታውቃለህ?"

ጋረደው የዚችን መኪና እያንዳንዱን ብሎን ጨለማ ውስጥ በእጁ ዳብሶ ያውቀዋል፤ ከኋላ ወንበሯ ላይ ግን አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። ታክሲ ነጂ ከኋላ ምን ሊሠራ ይቀመጣል?

እናኑ ወርዳ ከመንገዱ ዳር ሻይ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ በርጩማ ላይ ዐረፈች። አየነው መኪናዋን አዙሮ ሐዲዱን አቋረጠ፤ ከዚያ ተመልሶ እንደገና አቋረጠ። በሁለተኛው ላይ ትንሽ ሳይጨክንበትም አልቀረ። ጋረደው የቀመሰው ነገር አዲስ ነበር። ከፊት ሆኖ ሲነዳ ሥራው ያኮራዋል፤ መኪናዋ ታዛዥ ናት። ከኋላ ግን የተደረበው ብረት አንዲት ስንዝር እንኳ እሺ አይልም፤ መንገዱ የሰጠውን ሁሉ ሳያጎድል ለወገብ ያቀብላል። አጥንቱ ሲነካ ታወቀው። እሱ እንኳ ሆዱን ያዘ።

ተመልሶ ሲወርድ ግን ሽንፈት አልተዋጠለትም።

"ይቆረቁራል፣ እሺ" አለ ከእናኑ ፊት ቆሞ። "ቢቆረቁርም አይሰበርም። መንገድ ላይ ተሰብሮ ከሚያስቀረን..."

እናኑ ወደ አየነው ዞር አለች። "ወንድምዓለም፣ እስቲ ከዚያ ከማደያው የሚጠጣ ውኃ ፈልግልኝ።"

አየነው የሻይ ሸጪዋን ማሰሮ ሙሉ ውኃ አየት አደረገና ወደ ማደያው ሄደ። እናኑ ሩቅ እስኪደርስ ጠበቀች።

"ጋረደው፣ ያን ቀን እኔን የጀመረኝ ሎንቺናው ሳይሰበር ነው።"

"ምኑ?"

"ደሙ። ገላባትን ለቀን ብዙም ሳንሄድ። ከጆንያው ላይ ስነሣና ስወድቅ፣ ስነሣና ስወድቅ፣ ውስጤ አንድ ነገር ተለቀቀ።"

ጋረደው አጠገቧ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

"ዙሪያየን ወንድ ነበር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያንተ ጓደኞች አሉ፣ የማላውቃቸው አሉ። ምን ብየ ልናገር? አፈርሁ። ነጠላየን አጣጥፌ ቁጭ አልሁበት። 'አምላኬ፣ አቁምልኝ' እያልሁ ነበር የምለምን። ባሌስትራው ሲሰበርና ያ ሎንቺና ቀጥ ሲል እናንተ ሁላችሁ ተራገማችሁ። ተመስገን ያልሁ እኔ ብቻ ነኝ።"

"እናኑ..."

"ብንቆምም ልጁ አልተረፈም። ባይሰበርም አይተርፍም ነበር። ብረቱ አይደለም የገደለው።"

ጋረደው በዚያ ሜዳ ላይ ነጠላውን ዘርግቶ ሲከልላት፣ ጀርባውን ሰጥቷት ያንን የተሰበረ ብረት በዓይኑ ሲበላው እንደዋለ ትዝ አለው። እሷ ከኋላው ምን ስታስብ እንደነበር አንድ ቀን አልጠየቃትም። እንባው መጣ፤ ለማስቆምም አልሞከረም።

"ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብረቱን ስትረግም ሰማሁህ። ለምን ጫንኋት ብለህ ራስህን ከምትረግም ብረቱን ብትረግም ይሻላል ብየ ተውሁህ።"

"ታዲያ ዛሬስ ምን ተገኘ?"

"ዛሬ ያ ብረት ተመልሶ ሆዴን ሊመታኝ መጣ።" ሻይዋን ፉት አለችና ብርጭቆውን ለሻይ ሸጪዋ መለሰች። "የደረብኸውን ካወጣኸው በመኪናህ እሄዳለሁ። እውነቴን ነው። መታጠፊያው ላይ አልጠላኋትም።"

ሲመለሱ ጋረደው መኪናዋን እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ አድርጎ ነዳት። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍሬን እየያዘ፣ በመስተዋቱ ወደ ኋላ እያየ ነበር።

ግቢው ገብተው እናኑ ጎኗን ልታሳርፍ ስትተኛ እሱ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ ድንጋይ ደግፎ፣ ከሥር ገባ። አየነው ከውጭ ሆኖ መፍቻ ያቀብለዋል። ዛሬ የገባው ብረት ቶሎ ወጣ፤ የግራውም ጓደኛው ተከተለው። ከእነሱ በፊት የደረባቸው ሌሎች ሁለት፣ በየጎኑ አንድ አንድ፣ ገና አሉ። ጋረደው እጁን እነሱ ላይ አሳረፈና ሥራውን ገታ።

እናኑ ብረት አትቆጥርም። ቢተዋቸው አታውቅም። መኪናዋ ትንሽ ለስለስ ማለቷን ካየች ሁሉም የወጣ ይመስላታል፤ እሱም ልቡ ይረጋል። ሐሳቡ ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም በዕለቱ ካሰበው ሁሉ የበለጠ ፍቅር የነበረበት ይመስለው ነበር። ከቤቱ ውስጥ እናኑ ስትገላበጥ የገመዱ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማው። ሲያማት ዝም እንደምትል ደግሞ ዛሬ ነው ያወቀው። ነገም ከኋላው ሆና ቢያማት ዝም ልትል ትችላለች።

"አንድ አንድ እንኳ ትቅር" አለ አየነው፣ ወደ ሥር ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ። "የመደኒ መንገድ ረዥም ነው። ሦስት ሰው ከነዕቃው ነን። እሷ እንደሁ አታውቅ።"

ጋረደው በጣቱ የብሎኑን ራስ ዳበሰ።

"ስማኝ እንጂ፤ የዱሮዎቹ ብቻቸውን ሳስተዋል። ፋኡ ከተማን ሳናልፍ ቢሰበሩስ?"

ጋረደው መፍቻውን አጥብቆ ያዘና ብሎኑን መፍታት ጀመረ።

"ከተሰበሩ እንቆማለን" አለ። "እሷም ትንሽ ታርፋለች።"