ዲስኩ ላይ የቀረው ምርቃት

የረዲያ ኮምፒውተር አመል አውጥቷል። ከምሳ ተመልሳ በከፈተችው ቁጥር ቀጥ ብሎ ሥራ መጀመር ትቶ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደል እየደረደረ ዲስኩን መፈተሽ ይይዛል። ፐርሰንቱን ይቆጥራል፣ ይቆማል፣ ደስ ሲለው ደግሞ ይቀጥላል። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «ጉርድ ፎቶዬ ደረሰ?» ይላታል። ቺሮ ውስጥ መኪናዬ አልነሣ አለኝ ላለ ሰው ሁሉም ያዝናል፤ ኮምፒውተሬ ራሱን እየመረመረ ነው ለምትል ሴት ግን ማንም ጆሮ አይሰጥም።

ረዲያ ከቦኬ እስከ ገለምሶ ሰርግ እየቀረጸች ፊልም የምታዘጋጅ፣ እጇ የተመሰከረላት ባለሙያ ናት። ሱቋ ያለው እትዬ መይሙና የግቢያቸውን አጥር ተከትለው ካሠሯቸው ሱቆች በአንዱ ነው። አጠገቧ ሞባይልም ኮምፒውተርም የሚጠግነው ይዲድያ አለ። ከሆሳዕና መጥቶ ቺሮን የለመደ፣ አፋን ኦሮሞውን ከገበያ የለቀመ፣ ሥራ የማይሰለቸው ቀልደኛ ነው። ችግሩ ስፒከሩ ነው። ወገቡ ድረስ የሚደርስ ስፒከር በሩ ላይ አቁሞ ዘፈኑን ሲለቀው መንገደኛው ሳይወድ በግዱ ትከሻውን ይነቀንቃል።

የኮምፒውተሩ ሐኪም እሱ ነበር። መጀመሪያ «ገመዱ ነው» ብሎ ገመዱን ቀየረ። ከዚያ «ቫይረስ ነው፤ ያ የቦርደዴው ሰውዬ በፍላሹ ያመጣው ነው» አለና ምንም የማያውቀውን ሰውዬ ሲያማ ዋለ። በመጨረሻ «ሃርድ ዲስኩ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ገጠመላት። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ የአሮጌውን አመል ወረሰ። ይዲድያ ጭንቅላቱን እያከከ «ይሄን ኮምፒውተር ቡዳ በልቶታል» አለ።

የሀኒፋ ሰርግ ባይኖር ኖሮ ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። ሀኒፋ የገለምሶ ልጅ ናት። አባቷ ሀጂ አብዶ በጠና ታመው ነበር፤ በሰርጓ ቀን ግን ተደግፈው ቆሙና ልጃቸውን ረጅም ዱአ አድርገው መረቋት። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። መርዶው ሲደርሳት ረዲያ ቀረጻውን አዲሱ ዲስክ ላይ ገልብጣ፣ የካሜራውን ሚሞሪ ለሌላ ሰርግ አጥፍታው ነበር። እንግዲህ የሰውየው ድምፅ ያለው እዚያ አመለኛ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ከሰሞኑ ፍተሻ በኋላ ደግሞ ምርቃቱ ያለበት ፋይል ጭራሽ አልከፈት አለ። ረዲያ ደጋግማ ጫነችው፤ ወይ ፍንክች።

የሀጂ አብዶ ባለቤት ኡምኩልሱም ደወሉላት። «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ በገበያ ቀን ቺሮ እመጣለሁ። ጭፈራውን ተዪው፤ የሱን ድምፅ አንዴ አሰሚኝና እመለሳለሁ» አሏት። ረዲያ «ኢንሻአላህ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። የለም ማለት አቃታት፤ አለ ማለትም ውሸት ሆነባት። ባሏን ቀብራ ለድምፁ ለምትመጣ ሴት ምን ይባላል?

በማግስቱ ለምሳ ወደ ቤት ላለመሄድ ቆረጠች። ሌላው እንኳ ይትረፍ ብላ ዲስኩ ላይ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀምራለች፤ ዙህርንም እዚያው ሱቋ ጓዳ ልትሰግድ ምንጣፏን አንጥፋለች። የመስጊዱ አዛን ተሰማ። የይዲድያ ስፒከር ግን ከሙአዚኑ ጋር እልህ የተጋባ ይመስል ያንባርቃል። ወዲያው ዘፈኑ እኩሌታው ላይ ተቆረጠ፣ ስክሪኑም ድርግም አለ። ይዲድያ ከወዲያ «መብራት ሄደ!» ብሎ ጮኸና ምሳውን ሊበላ ወጣ።

ቺሮ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ረዲያም ዕድሜዋን ሙሉ ጠይቃ አታውቅም። እጇን አገጯ ላይ ጭና ልትቀመጥ ስትል ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው ጁስ ቤት አቮካዶውን ሲፈጭ ሰማችው። ብቅ ብላ አየች። ፀጉር ቤቱም በርቷል። የጠፋው የነሱ ብቻ ነው። በጓሮ በኩል ሮጣ ወደ ግቢው ገባች።

እትዬ መይሙና ሱቆቹ ሁሉ ከሚጠቀሙበት ቆጣሪ ሥር ቆመዋል። እጃቸው ማጥፊያው ላይ ነው፤ አንገታቸውን ደፍተው ለሙአዚኑ በከንፈራቸው ይመልሳሉ። ረዲያ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ግን አዛን ነው። አዛን መሀል እንዴት ይጮሃል? ንዴቷን ዋጥ አድርጋ እሷም መመለስ ጀመረች። ሁለቱም እስኪያልቅ ጎን ለጎን ቆሙ፤ አሮጊቷ በእርጋታ፣ ረዲያ ጥርሷን ነክሳ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ መብራቱን የሚያጠፉት?» አለች አዛኑ እንዳበቃ።

«ወላሂ ለትንሽ ነው» አሉ ማጥፊያውን ወደ ላይ እየመለሱ። «አላህ እየተጠራ ያ ልጅ ዘፈኑን ሲለቀው ልቤ አይችልም። ታዲያ ዝጋ ልበለው? የሰው አገር ልጅ ነው፤ እናቱ ሩቅ ናት፣ ሃይማኖቱም ሌላ ነው። አንድ ነገር ብናገር ሃይማኖታቸውን ጫኑብኝ ብሎ ቅር ይለዋል። መብራት ቢሄድ ግን ማንን ይቀየማል?»

ረዲያ ትሳቅ ታልቅስ ግራ ገባት። «እኔ ኮምፒውተሩን ሥራ ላይ ትቼው ነው ለምሳ የምሄደው!»

«አምፖሉ ጠፍቶ ሲበራ ምን ይሆናል? ያንቺው ምን ሆነ?»

«እትዬ መይሙና፣ እኔ እህል ከጆንያ ወደ ጆንያ ስገለብጥ ታችኛውን ጆንያ ቢነጥቁብኝ ምን ይሆናል?»

«ይደፋላ።»

«ኮምፒውተሩንም እንዲሁ እህሉን እየገለበጠ ሳለ ነው የሚነጥቁት። ሲነሣ የተደፋውን ልልቀም ይላል፤ ፍተሻው እሱ ነው። አሁን የገለምሶው የሀጂ አብዶ ዱአ ተደፍቷል። ባለቤታቸው ሊሰሙት እየመጡ ነው።»

አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ያ ረቢ! ለአዛን ብዬ የሙት ሰው ዱአ ላጥፋ?» አሉና ዕንባቸው መጣ። ረዲያ ንዴቷ የት እንደገባ ጠፋት። አጠገባቸው ተቀመጠችና «አብሽሩ፣ ይገኝ ይሆናል» አለቻቸው፤ ራሷ ሳታምንበት።

ለይዲድያ የነገሩት እትዬ መይሙና ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያ ሳቀ። ያ ሁሉ ገመድ፣ ያ ሁሉ ዲስክ፣ ያ የቦርደዴው ሰውዬ ትዝ አለው። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ግቢ ኖረን፣ አንድ ቃል ይከብድዎታል? እኔ ለዘፈን ብዬ እርስዎን ላስቀይም?» አለ። «እናቴ ብትሆን በኩርኩም ነበር የምትለኝ።»

«እኔስ?»

«እርስዎ መብራት አጠፉብኝ! እንደ እንግዳ ቆጠሩኝ!»

እውነቱን ነው፣ ከፍቶታል። እትዬ መይሙና ጉንጩን ዳሰሱና «በል ከዛሬ ጀምሮ እቆጣሃለሁ» አሉት። «ይቆጡኝ!» አለ ይዲድያ፤ ወዲያው ዲስኩን ፈታ። መብራት ቢሄድም ባትሪው በሚያቆየው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው። ላዩ ላይ አንዲት ነገር እንዳይጻፍበት እየተጠነቀቀ፣ ፍተሻው ስማቸውን እያጠፋ የበታተናቸውን የፋይል ቁርጥራጮች ለቀማ ገባ። ያን ቀን ስፒከሩ ትንፍሽ አላለም።

ረዲያ ቁርጥራጮቹን እየከፈተች ታያለች። አንዱ የጨፋሪ እግር ነው። አንዱ ሩዝ የሞላ ትሪ ነው። አንዱ ደግሞ ጨርሶ አይከፈትም። ተስፋዋ እየተሟጠጠ ሲመጣ፣ በአረንጓዴ አራት ማዕዘን ግማሹ የተሸፈነ ነጭ ጢም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። የሀጂ አብዶ ፊት ይቆራረጣል፤ ድምፃቸው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ረዲያ «አልሀምዱሊላህ!» ብላ ስትጮህ ይዲድያ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። እሷ ራሷ በሰርጉ ቀን ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ትታ የሙሽራውን መምጣት ልትቀርጽ በሌላው ካሜራ ውጭ ወጥታ ስለነበር፣ ዱአውን እስከ መጨረሻው አልሰማችውም። ሁለት ቦታ ገልብጣ አስቀመጠችው። ይዲድያ ዲስኩን አጽድቶ ሲመልሰው ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ፍተሻ ቀጥ ብሎ ተነሣ።

ኡምኩልሱም ከገለምሶ ሚኒባስ ወርደው መጡ። ረዲያ ወንበር ሰጠቻቸውና «እናቴ፣ አልዋሽዎትም፤ ምስሉ ተበላሽቷል። ድምፁ ግን አለ» አለቻቸው።

«መልኩንማ መች ረሳሁት» አሉ።

ለቀቀችው። ሀጂ አብዶ ልጃቸውን «ረቢ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ ፈጣሪ ይባርክሽ» እያሉ ይመርቃሉ፤ ሰርገኛው «አሚን!» ይላል። ኡምኩልሱም ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው አሚን ይላሉ። መሀል ላይ ሳል መጣ፤ ቀጥሎ የራሳቸው የኡምኩልሱም ድምፅ ተሰማ፣ «ይበቃሃል፣ ደክሞሃል። ቆይ ወንበር ላምጣልህ።» የሚርቅ የእግር ኮቴም ተሰማ። ዱአው ያለቀ መሰለ። ሀጂ አብዶ ግን ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሄደች?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሷ እያለች አፍራለሁ። ይቺ ሴት ሕመሜን ሁሉ አብራኝ ታመመች። አንድ ቀን አልተማረረችብኝም። ያ አላህ፣ እኔ ወድጃታለሁ፣ አንተም ውደድልኝ። በሉ አሚን በሉ።»

ሰርገኛው «አሚን!» አለ። በር ላይ የቆመው ይዲድያም «አሜን» አለ፤ እትዬ መይሙና ከኋላው ሆነው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ኡምኩልሱም ዓይናቸውን ገለጡ። «ይሄን መቼ አለ?»

«ወንበር ሊያመጡላቸው ሲሄዱ» አለች ረዲያ።

«አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አሉ ኡምኩልሱም። እየሳቁ ነው፤ ዕንባቸውም ይወርዳል። ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉና «ድገሚልኝ እስቲ፣ ልጄ» አሏት።

ረዲያ ወደ ኋላ መለሰችውና ድምፁን ከፍ አደረገችው።